ቤቶች ያለው ቆፋሪ

ቆፋሪ ማሽኖቹ እንደ ወትሯቸው የጠዋት ፀሐያቸውን ጠጥተው፣ ጠግበው፣ ወደ ኮረብታው ተሰለፉ። በጫሞ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈችው ከተማ ለአዲሱ ሰፈሯ አፈር ፈልጋለች።

ኢንጂነር ግዛቸው የኤልፍነሽን ጎጆ በር በርግዶ ገባ።

«እትዬ፣ ዕቃዎን ያንሡ። ኮረብታው ዛሬ ይናዳል።»

ኤልፍነሽ የታራንቱላ ጠባቂ ናት። ታራንቱላ መዳፍ የሚያክል፣ ጸጉራም፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ሸረሪት ነው። ነዋሪ ያለበትን ጉድጓድ ማፍረስ በሕግ ክልክል ነው። ግን ማን ይሰማል? ሌቦች በላስቲክ ዕቃ እያጨቁ ለማሳያ ሸጧቸው። የተረፉትን፣ ማንንም ያልገደሉትን፣ ሰፈርተኛው ባየ ቁጥር በጫማ ጨፈለቃቸው። ከዚያ «አስፈሪ» የሚባለው ሸረሪቱ ነው።

«አንድም አልቀረም» አለ ግዛቸው።

«ጎንበስ ብለህ አይተሃል?»

«ወገቤን ከመንገድ አላገኘሁትም።»

ውጭ የመጀመሪያው ቆፋሪ ክንዱን አነሣና ቀጥ አለ። ከዚያ ክንዱን ቀስ አድርጎ አውርዶ በጥፍሩ ጫፍ መሬቱን መታ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም ብሎም ቆመ።

«ተበላሸ» አለ ግዛቸው፤ ቢያዘው ቢያዘው እምቢ አለው።

ኤልፍነሽ ግን ገባት። ቆፋሪው ሥራውን የለመደው የዋሻ ሠራተኞችን እያየ ነው። እነሱ ደግሞ ግድግዳ ከመናዳቸው በፊት በመዶሻ አንኳኩተው «ቤቶች» ይላሉ፤ ከወዲያ «ደጆች» የሚል ካለ ዶማ አይነሣም። ይህን ማንም አላስጠናውም፤ አብሮ ለመደው።

«መልስ እየጠበቀ ነው» አለች።

«ከማን?»

ኤልፍነሽ «አፈር ጆሮ»ዋን፣ የመሬትን ንዝረት ወደ ድምፅ የሚለውጠውን ዘንግ፣ ተከለች። ከሥር ድምፅ መጣ፤ ትክ፣ ትክ፣ ትክ።

ኤልፍነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንዱ ታራንቱላ ሴቷን ሲሻ ደጇ ላይ መሬት ይመታል፤ ከፈቀደችው እሷም መትታ ትመልሳለች።

«ሙሽራ መጣ ብላ ነው።»

«ይሄን ቤት የሚያክል ብረት?»

«ምን ታድርግ? ከመጡባት ሁሉ ያንኳኳው እሱ ብቻ ነው።»

ሌላዋ መለሰች። ሌላዋም። ኮረብታው በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት ከበሮ ይመታ ጀመር። ግዛቸው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሕጉ ሕግ ነውና ቆፋሪዎቹንም መለሳቸው። ሰው ጨዋነቱን ሳያውቅ ለብረት አውርሶ፣ ራሱ ባዶ እጁን ቀርቶ ኖሯል።

በማግስቱ ከኤልፍነሽ ደጅ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ቤቶች» አለ ግዛቸው።

ኤልፍነሽ ፈገግ አለች፤ ትንሽ አስጠበቀችው።

«ደጆች።»