የአሻግሬ ጨው

ነሐሴ ተጋምሶ ዳባት ላይ ዝናቡ ድንገት ሲያቋርጥ፣ ዛሬም ልቤ ወደዚያ ዓመት ይሄዳል።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ማሳቸውንም እንደ ተማሪዎቻቸው ነበር የሚቆጡት። አሻግሬ ደግሞ ከደባርቅ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ነበር። በሰኔ ነጭ ቅንጣት የሞላ ከረጢት በሞተር ብስክሌቱ ጭኖ ደጃችን ቆመ።

«የኔታ፣ ይህ ፖሊመር ይባላል። አፈር ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያቆያል፤ ዝናብ ሲጠፋ ለሥሩ ቀስ እያለ ይሰጣል።»

«ጨው ነው» አሉ አባቴ። «እኔ ማሳዬ ላይ ጨው አልዘራም።»

አሻግሬ በብርጭቆ ውሃ አስቀዳኝና ጥቂት ቅንጣት ጨመረበት። ቆይተን ስናይ ውሃው የለም፤ ብርጭቆውን የሞላው የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። እኔ ሳቅሁ። እሱ ብርጭቆውን ትቶ እኔን አየ። አባቴ አማተቡ።

ለምኜ ለምኜ የመንገድ ዳሯን ድንጋያማ መደብ አስፈቀድኩ። ቅንጣቱን ከአፈሩ ቀላቅለን ድንች ተከልን። ገለባ የበሬ ቀለብ ነው ተብለን ስለተከለከልን፣ ከገደሉ አፋፍ ሣር እያጨድን አፈሩን አለበስነው። ስንጎዘጉዝ እጃችን ሲነካካ ሁለታችንም የተስተካከለውን ሣር ደግመን እናስተካክላለን። ያ ሥራ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር።

«ሠርካለም፣ ሽማግሌ ብልክስ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከሣሩ ሳያነሳ።

«አባዬ ለደረስጌው ዲያቆን ሊሰጡኝ እያሰቡ ነው። ከላክህ ቶሎ በል።»

ይሄ ችኩል፣ ወጉን ትቶ ራሱ ሄዶ ጠየቃቸው።

«ያ ጨው የተዘራበት ድንች እስከ ጥቅምት ከለመለመ ላክ» አሉት አባቴ። «ከደረቀ ግን ሞተርህ በዚህ አይለፍ።»

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቀረ። የጎረቤቱም የእኛም ማሳ ጠወለገ፤ ያቺ መደብ ብቻ ለመለመች። ደስታዬን የምችልበት አጣሁ።

አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ አባቴን መደቧ መሀል አገኘኋቸው። ከቢጫ ጀሪካን ጠበል እየረጩ «አንተ ውሃ ጠጪ፣ ውጣ ከማሳዬ» ይላሉ። ለካ በየማለዳው ርኩስ መንፈስ ሲያስወጡ ኖረዋል። እንግዲህ ድንቹ ቢለመልም የአሻግሬ ሥራ ነው ማን ይላል?

ሮጬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

በጥቅምት ድንቹ ሲወጣ እያንዳንዱ ቡጢ ያክል ነበር። አባቴ መዋሸት አይሆንላቸውም፤ በጎረቤት ፊት አንዱን አንስተው «ይህ የጨው ሥራ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጠበል የረጨሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አለቀልኝ አልኩ። አሻግሬ ግን አልተከራከረም።

«እውነት ነው፣ የኔታ። ጠበሉ ነው ያለመለመው። ሣሩና ጨዉማ የእርስዎን ጠበል ከንቱ እንዳይቀር ያዙት እንጂ ሌላ ምን ሠሩ?»

አባቴ ድንቹን አገላብጠው አፈሩን በጋቢያቸው ጠረጉት።

«ጠበል የሚይዝ ነገር ርኩስ ሊሆን አይችልም» አሉ በመጨረሻ። «ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ።»

አባቴ ካረፉ ቆዩ። ትናንት ዝናቡ ሲያቋርጥ አሻግሬን ያቺ መደብ ላይ አገኘሁት። ሣሩን አልብሶ ጨርሶ፣ ከዚያችው ቢጫ ጀሪካን ጠበል ይረጫል።

«ፖሊመሩ አይበቃም እንዴ፣ ባለሙያው?» አልኩት።

«ይበቃል» አለኝ። «የኔታ ናፍቀውኝ ነው።»