መሬት የነካ ቅል

በሐርቤዛ መንግሥት መከታ የሚባለው ታላቁ ደወል ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሰባት ጊዜ ሲደውል ኖሮ፣ በክረምት መግቢያ አንድ ቀን ስድስት ጊዜ ብቻ ደወለና ዝም አለ። አራሹ ሞፈሩን እንደጨበጠ ቆመ፤ ውኃ ቀጂዋ እንስራዋን አወረደች፤ አገር ምድሩ ሰባተኛውን ጠበቀ። አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ዛማ የተባለው ጉም ከምዕራብ ባሕር ተነሥቶ የወንዘራን ቆላ ዳርቻ ነካ፤ ጉሙ ያገኛቸው አምስት ገበሬዎችም የገዛ ልጆቻቸው ስም ጠፍቷቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዛማን የሚመልሰው የመከታ ጩኸት ብቻ ነው፤ መከታም የሚደውለው በሰው ድምፅ ነው። በሐርቤዛ ሰው ሊሞት ሲል የመጨረሻ ቃሉን በደረቀ ቅል ውስጥ ይናገራል። ቤተሰቡ ቅሉን በሰም ያሽገዋል፤ ናፍቆት ሲበረታበትም ከፍቶ ይሰማዋል። በተከፈተ ቁጥር ግን ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። የመንግሥቱ ግብርም ይኸው ነበር፤ መሬት ከነካ ቅል ሁሉ ከዐሥር አንዱ ደወሉ ውስጥ ተሰብሮ ድምፁ ለደወሉ ይገባል፣ አንድ ብቻ ያለው ቤት ይማራል።

በዚያ ሰሞን አዋጅ ነጋሪው ወንዘራ ገበያ መሐል ቆሞ እንዲህ ሲል ጮኸ፦ «የሐርቤዛ ሰው፣ ጆሮህን ስጥ! የመከታ ድምፅ የጎደለው የቆላው ሰው ከመንግሥት ጎተራ እየበላ ግብሩን ስለሚደብቅ ነው! ነጎዳ የተባለው አውሬም በተራራው ላይ ድምፃችንን ይበላል! ከእንግዲህ ምሕረት ቀርቷል፤ አንድ ቅል ያለውም አንዱን ያስገባል!»

የቅል አብቃዩ የስንሻው ልጅ ውዳላት ይህን ሰምታ ወደ ቤቷ ሮጠች። አባቷ ለግማሹ አገር የሚበቃ ቅል ያበቅላል፤ በቤታቸው ግን ድምፅ ያለበት ቅል አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቷ የአንጓች። አንጓች የሞተችው ውዳላት የሰባት ወር ሕፃን ሳለች ነው። በደንቡ መሠረት የሚሞተውን ሰው ከቅሉ ጋር ለብቻው ይተዉታል፤ ስለዚህ የተናገረችውን ስንሻውም አያውቅም። ድምፁ ይሳሳል ብሎ ፈርቶ አልከፈተውም። «ስትዳሪ አብረን እንሰማታለን» እያለ እስካሁን አቆየው። አባቷ እርሻ ሲወርድ ውዳላት ቅሉን አቅፋ ጆሮዋን ትለጥፍበት ነበር፤ የምትሰማው ግን የራሷን የልብ ትርታ ነው።

ቅሉን ሊወስድ የመጣው ግብር መዛኝ አለቃ ቀጸላ የሚባል ሽማግሌ ነው። ቅሉን አገላብጦ ሰሙን አየ።

«አንድም ቀን አልተከፈተም?» ሲል ጠየቀ።

«አልተከፈተም» አለ ስንሻው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ሽማግሌው ቅሉን ለጭነኞቹ ሰጠ። በማግስቱ ግን ብቻውን ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ቅል ሲሰበስብ ያልተከፈተ አላጋጠመውም ነበር፤ ይህ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር ያደረው።

«የት ወሰዳችሁት?» አለችው ውዳላት።

«ዐምባ ጸጥታ፣ ደወሉ ዘንድ። የሚሰበረው በሰባት ቀን ነው።»

«እንግዲያውስ መንገዱን ያሳዩኝ፤ የጎዱኝን ይካሱኝ። በአባቴ አምላክ እምላለሁ፣ አውሬውን ገድዬ የእናቴን ድምፅ ካልሰማሁ ከዚህ ቤት እሳት አልሞቅም!»

ሦስተኛዋ መንገደኛ ዳሪቱ ቀጥቃጭ ናት፤ የመንደሩን ማረሻ ሁሉ የምትሠራ፣ መዶሻዋን ከባሏ አስበልጣ የምትወድ እየተባለች የምትታማ ሴት። ሐሜቱን አታስተባብልም። «አያቴ ለዚያ ተራራ ሰንሰለት ሲሠራ ነው ዕድሜው ያለቀው» አለች። «ለምን እንደሆነ ልይ።»

በአራተኛው ቀን ዛማ ገደል ውስጥ አገኛቸው። በአንድ ገመድ ታሰሩና እየተጠራሩ ነጩ ጉም ውስጥ ገቡ። መሐል ላይ ዳሪቱ ቀጥ አለች።

«እኔ ማን ነኝ?» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ነበር።

«እትዬ ዳሪቱ ነሽ! የወንዘራ ቀጥቃጭ ነሽ! ባልሽ በላይ ነው፣ መዶሻሽ እጅሽ ላይ ነው!» እያለች ውዳላት ገመዱን ጎተተች። ራሷም የአባቷን መልክ ስታጣው ይሰማት ነበር። የእናቷን ግን ሊወስድባት አልቻለም፤ መጀመሪያም የላትማ። ከጉሙ ሲወጡ ያለቀሰችው ለዚህ ነው።

ወደ ዐምባው አናት ሲቃረቡ አለቃ ቀጸላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ምሥጢሩን ተናገረ።

«ልጄ፣ ሕጉ የሚለው መሬት የነካ ቅል ይገበራል ነው። የቆላ ሰው ቅሉን የት ያስቀምጣል? መደቡ ላይ፣ መደቡም አፈር ነው። የላይ ቤት መኳንንት ግን ዐምባው ላይ አዳራሽ አላቸው። ስንት ሺህ ቅል በሰንሰለት ከጣራው ተንጠልጥሏል፤ የአባቶቻቸው አለ፣ በድርቅ ዓመት ከድኃ በቁና እህል የገዙት አለ። አንዱም መሬት አይነካም። አንዱም አይገበርም።»

«ሕጉን ማን እንዲህ አድርጎ ፈታው?»

«እነሱ። ሰንሰለቱ በመንግሥት ብረት ተሠራ፤ አዳራሹን የመንግሥት ግንበኛ ገነባው፤ ዘበኛው ከመንግሥት ጎተራ ይበላል። ጉሙ ቢገባ ብዙ ሀብት ስላላቸው ከእኛ ይልቅ የሚከስሩት እነሱ ናቸው፤ ግብሩን የምንከፍለው ግን እኛ ነን። እኔም ይህን እያወቅሁ ሠላሳ ዓመት የመበለት ቅል ስመዝን ኖርኩ።»

አዳራሹ ሲደርሱ ዘበኞቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ የመንግሥት እህል ነውና አይቸኩሉም። ሦስቱ በጓሮ ገቡ። ከላይ የቅሉ ብዛት ጣራውን ጋርዶታል። ከታች፣ አዳራሹ መሐል፣ መከታ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ በጉድጓድ ውስጥ ተተክሏል። በወዲያኛው ጫፍ ነጎዳ ቆሟል፤ ከጎሽ የገዘፈ፣ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር አውሬ። የቅሉ ሰንሰለት ሁሉ በአንድ ታላቅ ሰንሰለት ተገናኝቶ፣ በአግዳሚው ላይ አልፎ፣ አንገቱ ላይ ታስሯል። ውዳላት ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ጦር አነሣች፤ ዓይኑን ስታይ ግን መልሳ አወረደችው። ይህ አውሬ የማንንም ድምፅ አልበላም። የተሰቀለውን ሁሉ በአንገቱ ተሸክሞ የቆመ ምስኪን ነው።

ዳሪቱ ሰንሰለቱን በመዶሻ መታች፤ መዶሻው ለሁለት ተሰነጠቀ። «አያቴ ሲሠራ አይቀልድም ነበር» አለች በምሬት።

«አውሬው ሦስት እርምጃ ወደ ደወሉ ቢራመድ ሰንሰለቱ ይረግባል፤ ቅሉም ይወርዳል» አለ ቀጸላ። «ነገር ግን ነጎዳ የሚከተለው ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ብቻ ነው። ቤተሰብ ከፍቶ የሰማውን ድምፅ ነፋስ እያመጣ አሰምቶታል፤ በዚህ አገር ያልሰማው የለም።»

ከደወሉ አጠገብ የዘንድሮው የቆላ ግብር ተከምሯል። ውዳላት የእናቷን ቅል በሰሙ ለየችውና አቀፈችው። ሰሙን ለመፈንቀል ጣቷን ስታነሣ በሩ ተከፈተ፤ የላይ ቤት አለቃ ቢትወደድ መርዕድ ከዘበኞቹ ጋር ገባ።

«ተዋት» አላቸው ለዘበኞቹ፤ ድምፁ የረጋ ነው። «ልጅ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ለእናትሽ እንደሆነ አያለሁ። እኔም እናት ነበረችኝ፤ ያቻትና እዚያ ላይ። እንዳታስቀይሚኝ፣ እንዳላስቀይምሽ። ለእናትሽ አንድ ሰንሰለት እሰጣታለሁ። መሬት አትነካም፣ መዛኝ አይደርስባትም፤ በፈለግሽ ጊዜ እየመጣሽ ትሰሚያታለሽ። ስለ ሌላው አንቺን ምን አገባሽ?»

ውዳላት ቀና ብላ አየች። አንድ ባዶ ሰንሰለት በእርግጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እጇ ወደዚያ ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም።

«አለቃ» አለች በቀስታ፤ «ደወሉ ውስጥ የተሰበረ ቅል ይሰማል?»

«ድምፁ ከደወሉ ጋር ይቀላቀላል። ቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ይለይ ይሆናል። አንቺ ግን አታውቂውም፤ ከሌላው አትለዪውም፣ ልጄ።»

«ጌታዬ» አለች ወደ ቢትወደዱ ዞራ፤ «የእናቴ ቤት አፈር ነበር። የሞተችው አፈር መደብ ላይ ነው። እርስዎ ጣራ ላይ ቢሰቅሏት እኔ እናቴን አላውቃትም።» ቅሉን ሳመችው፤ ግንባሯን አስነካችው፤ ከዚያም ወደ መከታ አፍ ወረወረችው።

ስብርባሪው ሲንኳኳ ተሰማ። ነጎዳ ጆሮውን አቆመ። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ያልሰማው ድምፅ ከጉድጓዱ ጠራው፤ አንድ ተራመደ፣ ሁለት፣ ሦስት። ታላቁ ሰንሰለት ረገበ፤ ከጣራው ያ ሁሉ ሺህ ቅል ቀስ እያለ ወረደና መሬት ነካ።

«በሕጉ መሠረት!» ብሎ ጮኸ አለቃ ቀጸላ፤ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። «መሬት የነካ ቅል ይገበራል! የሦስት መቶ ዓመት ውዝፍ!»

ዘበኞቹ ተያዩ። አብዛኞቹ የቆላ ልጆች ነበሩ፤ የእናታቸውም ቅል በዚያ ክምር ውስጥ ነበር። ቢትወደዱ «ያዙዋቸው!» ቢል የተንቀሳቀሰ አልነበረም፤ አንዱ ዘበኛ እንዲያውም ጎንበስ ብሎ የቅርቡን ቅል አነሣና ወደ ደወሉ ጣለ፤ ሌላውም ተከተለው። ዳሪቱ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ነጎዳ ራሱን በጉድጓዱ አፋፍ ላይ አስተኝቶ ያደምጥ ነበር።

መከታ ሰባት ጊዜ ደወለ። ዐምባው ተንቀጠቀጠ፤ ዛማም ወደ ባሕሩ አፈገፈገ። በየመንደሩ ሰዎች ከደወሉ ውስጥ የሞቱባቸውን እየለዩ ስም ጠርተው አለቀሱ። ውዳላት እዚያው አፋፉ ላይ ተንበርክካ አንዱንም ምት ሳታስመልጥ አዳመጠች። ሺህ ድምፅ ሰማች፤ ከሺሁ የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቀችም። እንደ ጀግና መቆም ነበረባት ይሆናል፤ እሷ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከሳምንት በኋላ ቤቷ ስትደርስ አባቷ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የሆነውን ልትነግረው ስትጀምር አላስጨረሳትም።

«ሰማኋት» አለ። «ሦስተኛው ምት ላይ ናት። የእሷን ድምፅ እኔ እስታለሁ?»

«አባዬ፣ ምን አለች?»

«‹ስንሻው፣ የልጅቷን ራስ ሸፍንላት፤ ነፋስ ነው› ነው የምትለው። ይኸው ነው። ሌላ የለም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው ሁለቱ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። መከታ አንድ ይላል፣ ሁለት ይላል። ሦስተኛው ሲመጣ ስንሻው የጋቢውን ጫፍ ያነሣና የልጁን ራስ ይሸፍናል፤ ውዳላትም ብርድ ቢኖርም ባይኖርም ራሷን ዝቅ ታደርግለታለች።