የአንድ ሰከንድ ምልክት

አስከሬኑ ከመኪናው አፍንጫና ከጋራዡ ግድግዳ መካከል ሲወጣ፣ የሟቹ እጅ የፕላስተር ጥቅል እንደጨበጠ ነበር። አዛውንቱ የዳሽቦርድ ምልክቶች የሚነደፉበት ቢሮ የሙከራ ኃላፊ ነበሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ ወረቀት ሲለጥፉ፣ ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላቸው መጥታ ደፈጠጠቻቸው።

ባልደረቦቹ «አይቀመጤ» የሚሉት መርማሪ ወንበር ሲያቀርቡለት አመስግኖ የሚቆም ሰው ነው። ዛሬማ ብሶበታል፤ ጋራዡን ደጅ ደጁን ሦስት ጊዜ ዞረው። ነገሩ ተከትፎና ተሰናድቶ ስለቀረበለት ሆዱ አልቀበል ብሏል።

«ግልጽ ነው እኮ» አለ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ። «ሾፌሩን ምልክቱ አሳሳተው። ምልክቱን የሣለችው ደግሞ እሷ ናት። አደጋው እንደደረሰ ቁልፉን ነቅዬ መኪናውን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም።»

«እሷ» የተባለችው ወጣት ነዳፊ ደረጃው ላይ ተኮራምታለች። ሥራውን ያስተማሯት ሟቹ ነበሩ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «ይጻፉትና ልፈርም በቃ።»

ከፈረመች በቸልተኝነት ሰው ገድላለች ተብላ እስር ቤት መግባቷ ነው። መርማሪው ብዕሩን ኪሱ ከተተ። «ቆይ ልጄ፣ ለእስር ማን ይቸኩላል?»

ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ወንድሜ፣ ስክሪኑ ላይ ምን አየህ?»

«ግማሽ ጨረቃ፣ መሃሏ ላይ ነጥብ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አፍጥጬ ነው ያየሁት! መኪናው የጠፋ መስሎኝ ወንበሬን ሳስተካክል ፔዳሉን ረገጥኩት። ግማሽ ጨረቃ ‹ለመንዳት ዝግጁ› ማለት መሆኑን በምን ልወቅ?»

«እስቲ ሣልልኝ።»

ሾፌሩ ወዲያው ሣለ። ነዳፊዋ አንገቷን ደፋች፤ የራሷ ምልክት ነበር።

ፎቅ ላይ ባለው የሟቹ ጠረጴዛ አርባ ቅጾች ተበታትነዋል። በዚህ ቢሮ አንድ ምልክት መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሥራውን ለማያውቁ አርባ ሰዎች ለአንድ ሰከንድ ይታያል፤ የእያንዳንዱን መልስ የሚመዘግበው ሾፌሩ ነው። አርባውም ላይ «ገብቶታል» ይላል። አርባ ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ መርማሪው በዕድሜው አላየም። ዘጠነኛው ቅጽ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ሲያገኝ ኮሪደሩ ላይ ሄዶ አነጋገራት።

«እትዬ፣ ሾፌሩ ይሄን ምልክት አሳይቶሽ ያውቃል?»

«ማ? እሱ? ሰላም እንኳን አይለኝም! ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትናንት ከሰዓት። ‹ምንድነው?› ሲሉኝ ‹የተገመጠ ብስኩት› አልኳቸው። ሣቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ ‹ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ገባኝ ያለው የቱ ጋ ነው?› እያሉ ወረቀት ሲያገላብጡ ትቻቸው ወጣሁ። ዛሬ ማለዳ ስገባ ደግሞ መኪናው ውስጥ ኮምፒውተር ታቅፈው ነበር።»

መርማሪው ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። እዚያም ቢሆን ከመኪናው እስከ ግድግዳው እየተመላለሰ ነው የተናገረው።

«አንደኛ፣ ቅጾቹ የሐሰት ናቸው። እትዬ ምልክቱን ያየችው ትናንት ነው፤ ቅጿ ግን የተሞላው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኃላፊው ይህን ደረሱበት። ሁለተኛ፣ መጥፎ ምልክት መኪና ውስጥ ትተው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። ቁልፉን ልቀበል።»

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ስክሪኑ በራ። ግማሽ ጨረቃ የለም፤ አረንጓዴ መኪና ናት፣ ከፊቷ ወፍራም ቀስት ያላት።

«ይሄ የኔ አይደለም!» ብላ ነዳፊዋ ብድግ አለች።

«የሳቸው ነው። የተጫነው ዛሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መሆኑን ማሽኑ መዝግቦታል። አደጋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ፣ ስክሪኑን ሳላይ ረገጥኩ ብትል ኖሮ ግድየለሽ ብዬ እተውህ ነበር። አንተ ግን አፍጥጬ አየሁ ብለህ ማልክ፤ የሣልክልኝም ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ያልነበረ ምልክት ነው። ሰበቡን ያዘጋጀኸው ፔዳሉን ከመርገጥህ በፊት ነው።»

ሾፌሩ ዓይኑን ከስክሪኑ ማንሳት አቃተው።

«ለአምስት ሰው አሳየሁ፤ አንዱም አልገባውም» አለ በመጨረሻ። «ሌላውን ከራሴ ሞላሁት። መንገደኛ እያቆሙ መለመን ቀላል መሰላችሁ? ቁልፉን ሲሰጡኝ ‹አራት ሰዓት ስብሰባ ላይ አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ?› አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡኝ...»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሥራ አስኪያጁም ነዳፊዋን ቀና ብሎ ሳያይ አፍሮ ተከተላቸው።

ነዳፊዋ ግን ተመልሳ ቁጭ አለች። «የኔ ምልክት...» አለች፤ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ መጥፎ ነበር?»

መርማሪው ሊያባብላት አሰበና ተወው። ቀኑን ሙሉ የቆመው ሰው አጠገቧ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«መጥፎ ነበር፣ ልጄ» አላት። «ሰው ግን አልገደለም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሲወጣላት ተነሥታ መኪናው ውስጥ ገባችና መምህሯ ያረሙላትን ሥራ ለረጅም ጊዜ አየችው።