ከማማው ሥር የቀረው በራችን

እናታችሁ የኖረችበትን ቤት ፊቱን ብቻ ገፍፎ ለሕንፃው ጌጥ ያደረገን ሰው ምን ትሉታላችሁ?

እኛ ሰፈር "ቅርስ ጠባቂ" ተብሎ ተሸልሟል!

የምነግራችሁ በእኔና በእህቴ ላይ የደረሰ ነው። ቦታው የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ፣ አሮጌው ሰፈራችን። ሰዓቱ የቅዳሜ ቀትር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ይህ ሰው፣ የሕንፃ ኩባንያ ባለቤት ነው፣ ቤታችንን አፍርሶ ሮዝ ድንጋይ የለበሰ፣ አናቱ ላይ ዘውድ የደፋ የቢሮ ማማ ገተረበት። የፊቱን የጡብ ግድግዳ፣ በሩንና የነጭ እብነ በረድ ደረጃዎቹን ግን አስቀረ። ከበሩ ኋላ ያለው ድፍን ኮንክሪት ነው።

እናታችን ሄስተር "ከቤቴ አልወጣም" ብላ ነበር። ባፈረሱት ዕለት ጠፋች። "ቤቱ ባዶ ነበር" አሉን። ገብቶ ያየ ግን የለም። እስከ ዛሬ አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ስለዚህ እህቴ ኤርነስቲን አበባ የምታኖረው እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

የዚያን ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ።

ደረጃው እርጥብ ነበር...

የሳሙናው አረፋ ገና አልጠፋም። የሰፈራችን እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ደረጃቸውን በድንጋይ ፈትገው ያጥባሉ። ግን አሁን እዚህ የሚኖር ሰው የለም።

"አንተ ነህ ያጠብከው?" አልኩት የሕንፃውን ጥበቃ፣ ዴልበርትን።

"እኔ? የራሴን ደረጃ እንኳ ሚስቴ ለምናኝ አላጠብኩም!" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ደረጃውን አየና ሳቁ ተቆረጠ። "ወንድሜ... ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ማንም አልነካውም።"

ውሃው የሚወጣው ከበሩ ሥር ነበር።

ሙቅ ነው። ይተናል።

ኤርነስቲን ክንዴን ጨመደደችው። "ሮስኮ... ስማ።"

"ምኑን?"

"አፍህን ዝጋና ስማ!"

ከኮንክሪቱ ውስጥ የእንጨት ደረጃ ሲንቋቋ ሰማሁ። በዝግታ የሚወርድ እግር... አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ጎተት።

እናታችን በግራ እግሯ ታነክስ ነበር።

"ክፈተው!" አልኩት ዴልበርትን።

"ኋላው እኮ ግንብ ነው..."

"ክፈተው አልኩህ!"

ከፈተው። ግራጫ፣ ድፍን ግንብ። የሚወርደው የእግር ድምፅ ከግንቡ ወዲያ በኩል ቆመ።

ኤርነስቲን ጉንጯን ግንቡ ላይ ለጠፈች። "እማዬ... እኛ ነን።"

ከዚያ ከግንቡ ውስጥ፣ በዚያው በምናውቀው የቁጣ ድምፅ፦

"እጄ ባልዲ ይዟል። በሩን ማን ደፈነው?"

ዴልበርት ቆቡን አወለቀ። ኤርነስቲን በግንቡ ላይ ተንሸራታ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ያንን ማማ ያቆማችሁ ሰዎች! ለእኔ አይደለም። እዚያው በሩ ፊት፣ ሕዝብ እየሰማ ቁሙና መልሱላት።