የሽማግሌው ቋጠሮ

ጃኬቱ በወንበሮቹ ሥር ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ፋኖስ ቀና ብሎ አላየም። እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሳያነሳ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው ሽማግሌ ትንሿን ሚሞሪ ካርድ አቀበለው። የስፌት መኪኖቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ለሹክሹክታ ይመቻል።

«የታችኛው ጠርዝ ውስጥ፣ ጋሼ። የመኪና ስፌት ይምሰል።»

«አንተ ደግሞ ስፌት ልታስተምረኝ ነው? ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ።»

ጠባቂው በመደዳው መካከል አለፈ። ሁለቱም አጎነበሱ።

ፋኖስ የምስጢር ስሙ ነው። በወረቀት ላይ አጭር እስራት የተፈረደበት ኪስ አውላቂ ነው። የላከው ግን የእስረኞችን አያያዝ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ እስረኞቹን በግድ ለአንድ ልብስ ነጋዴ ያሠራል። እምቢ ያለ ጨለማ ክፍል ይገባል። ታሞ የወደቀ በእርግጫ ይነሳል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ፣ እጁ የሠለጠነ ሰው ፍርዱን ቢጨርስም አይለቀቅም። ሽማግሌው ወደ ልጁ መመለስ ከነበረበት ቀን ብዙ አልፎታል። ጥፋቱ ጎበዝ ሰፊ መሆኑ ነው።

ፋኖስ ይህን ሁሉ በሸሚዙ ቁልፍ ውስጥ በተደበቀች ካሜራ ቀርጿል።

ዕቅዱ ካርዱ ጃኬት ውስጥ ተሰፍቶ ከነጋዴው ጭነት ጋር እንዲወጣና አለቃው እንዲረከበው ነበር። ጃኬቱ ውስጥ የገባው ካርድ ግን ባዶ ነበር።

ምክንያቱ አለቃው ነው። አለቃው፣ በምስጢር ስሙ «አጎት»፣ ዘመድ መስሎ ሊጠይቀው ይመጣል። ባለፈው ሲመጣ በሽቦው በኩል ጠጋ ብሎ፣ «ጃኬቱን የሚሰፋው ማነው?» አለው። በዚህ ሥራ የማያስፈልግህን አትጠይቅም። ፋኖስ ደስ አላለውም። የሽማግሌውን ስም ዋጠና፣ ጃኬቱ የሚገባበትን ካርቶን ብቻ ነገረው። አጎትን ሊፈትነው ፈለገ።

እውነተኛው ካርድ በፋኖስ ሸሚዝ ክርን ላይ፣ ከእራፊው ሥር ነው። እሱንም የሰፋው ሽማግሌው ነበር።

«ስትወጣ ትተረትረዋለህ አይደል?» ብሎት ነበር ያኔ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንደተቀደደ እንዳትተወው። እኔም ስወጣ አምጣውና እዘጋልሃለሁ።»

ጃኬቱ ታጥፎ ካርቶን ገባ። የጭነት መኪናው ገና መጫን አልጀመረም።

በሩ ተበረገደ።

አዛዡ ግራ ቀኝ አላየም። በቀጥታ ወደዚያ ካርቶን ሄደ።

የፋኖስ ልብ ክው አለ። አጎት ሸጦታል፤ የሸጠው ግን ካርቶኑን ብቻ ነው፤ የፋኖስን ስም ቢሰጥ መሥሪያ ቤቱ ይጠረጥረዋል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ለቅጽበት ደስም አለው። ፈተናው ሠርቷል፤ ከሃዲውን አውቋል፤ አዛዡ የያዘው ባዶ ካርድ ነው።

አዛዡ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ጠርዛቸውን ዳበሰ። አንዱ ላይ ቆመ። በምላጭ ቀዶ ካርዱን አወጣ። ከዚያ ፋኖስ ያላሰበውን አደረገ። ስፌቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

በጠርዙ መጨረሻ ላይ ክሩ በእጅ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ወደ ውስጥ ተቋጥሯል። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ክር ሳይቋጥር ትቶ አያውቅም። የመኪና ይምሰል ቢባልም እጁ እሺ አላለውም። እዚያ ቤት ያንን ቋጠሮ የማያውቅ የለም።

ፋኖስም ያውቀው ነበር። አላሰበውም።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

መኪኖቹ ጸጥ አሉ።

«የኔ ነው» አለ ሽማግሌው።

«ካርዱን ማን ሰጠህ?»

«ወድቆ አገኘሁት።»

ጥፊው ቤቱ ውስጥ ጮኸ።

«ማን ሰጠህ ነው የምልህ?»

«አገኘሁት አልኩ እኮ፣ ጌታዬ። የማይሰሙት እርስዎ፣ የሚመታው የኔ ጆሮ።»

የሳቀ የለም።

ፋኖስ «እኔ ነኝ» ቢል ያራቁቱታል። እራፊውን ይቀዱታል። የዚህ ሁሉ ሰው ተስፋ እዚያው ያልቃል። ይህን ያውቃል። ቢሆንም ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አልተነሳም።

ሽማግሌውን እየገፈተሩ በአጠገቡ አሳለፉት። ሽማግሌው የፋኖስን ፊት አላየም። ክርኑን ብቻ ገረፍ አድርጎ አየና አለፈ።

«ቀጥሉ» አለ አዛዡ።

ፋኖስ ፔዳሉን ረገጠ።

ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ፈተሹት። ኪሱን፣ ጫማውን፣ አፉን። የድሃ እራፊ ማን ያያል? ፋኖስ አጎት ወደ ቀጠረው ቦታ አልሄደም። ከአጎት በላይ ሆና ምርመራውን የምትመራውን ሴትዮ ቤቷ ድረስ ፈልጎ አገኛት። እራፊውን በአንድ ጎን በመቀስ ተረተረችና ካርዱን አወጣች።

ምስሉ ሥራውን ሠራ። አዛዡ ታሰረ። የስፌት ቤቱ ታሸገ። ፍርዳቸውን የጨረሱት እንዲለቀቁ ታዘዘ። አጎት ግን ከመያዙ በፊት ተሰወረ፤ ፋኖስንም እየፈለገው ነው።

«የማታውቀው ሰው አያናግርህ» አለችው ሴትዮዋ። «ማንም ቢጠይቅህ፣ አንተ እዚያ ቤት ገብተህ አታውቅም።»

«ሽማግሌውስ?»

«ተዛውሯል ይላሉ። የት እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም።»

እስረኞቹ በሚለቀቁበት ቀን ፋኖስ ከበሩ ማዶ ቆመ። መምጣት አልነበረበትም። ያንን ሸሚዝም መልበስ አልነበረበትም። ምናልባት ይወጣ እንደሆነ፣ የተተረተረውን ይዘጋው እንደሆነ ብሎ ነው።

ሰዎቹ እየወጡ ከዘመዶቻቸው ጋር ተላቀሱ። በሩ ተዘጋ። አንዲት ወጣት የምሳ ዕቃ እንደያዘች ብቻዋን ቀረች። ዞር ስትል አየችውና ጠጋ አለችው።

«ወንድሜ፣ ከውስጥ ነህ? አባቴን ታውቀዋለህ? ሰፊ ነው።»

«አላውቅም፣ እህቴ። ከውስጥም አይደለሁም።»

ዓይኗ ክርኑ ላይ አረፈ። ሳታስፈቅደው እጅጌውን ያዘች። ያልተተረተረውን ጎን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና ቋጠሮው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከአሮጌ ልብስ ሻጭ።»

እጅጌውን ለቀቀችው።

«የሰፋልህን ሰው ምናልባት ካገኘኸው፣ ልጅህ በሩ ላይ ናት በልልኝ።»

«እሺ» አለ ፋኖስ።

መንገዱን ተሻግሮ ወደ አውቶቡስ ከሚሮጠው ሰው ጋር ተቀላቀለ። የገፋው ሰው ይቅርታ ሳይለው አለፈ።