የማይጫን እጅ

ቀጸላ ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ጺሙን የምትላጨው ሚስቱ እልፍነሽ ነበረች። ጠዋት ጠዋት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጓሮ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሳሙናውን በብሩሽ እየመታች አረፋ ታስነሣለች፤ "ጨፍን" ትለዋለች፤ እሱም አገጩን ቀና አድርጎ ይጨፍናል። መላጫው አንገቱ የተጣመመ፣ ምላጩ በሰያፍ የሚቀመጥበት አሮጌ ብረት ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝታ ያመጣችው ቀን፣

"ይኼ እኮ ጠማማ ነው፤ ሸውደውሻል" ብሏት ነበር።

"አንተም ጠማማ ነህ፤ መቼ ጣልኩህ?" አለችው።

ጠማማው መላጫ ግን ጸጉር አይነጭም። ጥሩ ቢላዋ ሽንኩርት ላይ ሸርተት እንደሚለው ሸርተት እያለ ያልፋል እንጂ ፊት አያስከፋም። ምስጢሩ አለመጫን ነው። "ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል" ትላለች እልፍነሽ። መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ፤ በየመሀሉ መላጫውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ ሦስቴ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ታደርገዋለች። ሲያልቅ ቆዳ የሚያበርድ የሻብ ድንጋይ ታሻሸውና በእጇ ጀርባ ጉንጩን ትፈትሻለች። የሕፃን ጉንጭ ይሆናል።

እልፍነሽ ማክሰኞ ሞተች። ማክሰኞ ጠዋት ላጭታው ነበር።

ሚስቱ የሞተችበት ወንድ እስከ አርባዋ ጺሙን አይነካም። ይህን ደንብ ማንም አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ያየዋል። ቀጸላ ደግሞ ማልቀስ አይችልበትም፤ ቀብሩ ላይ እንኳ ዓይኑ ደርቆ ሰው ታዝቦታል። ስለዚህ ተስፋውን የጣለው ጺሙ ላይ ነበር። አፉ ያልተናገረውን፣ ዓይኑ ያላፈሰሰውን፣ ያ ሽበት ፊቱ ላይ ወጥቶ ይመሰክርልኛል ብሎ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ የሟች ታናሽ ወንድም መንገሻ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፣ ሙቀቱ አያስለብስም፤ እንደ አገሩ ልማድ አንተ እያለ፣

"ጋሼ፣ አምሮብሃል" አለው።

"ምኑ?"

"ፊትህ ነዋ። አቦ፣ የእህቴ አፈር እኮ አልደረቀም!"

ቀጸላ ጉንጩን ዳሰሰ። ልሙጥ ነበር፤ ሻብ እንደነካው ቆዳ ቀዝቀዝ ያለ።

"አልተላጨሁም።"

"እና ማን ላጨህ?"

"እኔ እንጃ። በዚህ እጄ ነው?" እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ የራሳቸውን እስክስታ ይመታሉ።

"ሰው ሲፈልግ እጁ ቀጥ ይላል" ብሎ መንገሻ ተነሥቶ ሄደ። ከወዲያ ማዶ አንዷ ሴት ለጎረቤቷ "ለሁለተኛዋ እየተዘጋጀ ነው" ስትል ተሰማች፤ ሹክሹክታዋ እንዲሰማ የታሰበ ነበር።

በማግስቱም ልሙጥ ሆኖ ነቃ። መላጫውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፤ የመኝታ ቤቱን በር በመቀርቀሪያ ዘጋ። ጎህ ሲቀድ፣ እንቅልፍ ገና ግማሽ አካሉን ይዞት፣ ከጓሮ በኩል ብሩሽ ሳህን ውስጥ ሲሽከረከር፣ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ከዚያም በቀስታ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል ሰማ፤ ድምፁ በሩን ሳይከፍት እየቀረበ መጥቶ ከጆሮው ሥር ሆነ፤ የሳሙናው ሽታ መጣ፤ ከሳሙናው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ፣ ዝናብ ያልነካው ጥልቅ አፈር የሚሸተው። ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ምናልባትም አልፈለገም።

በዘጠነኛው ቀን መላጫውን በመሐረብ ጠቅልሎ ለመንገሻ ሰጠው። "ወስደህ አስቀምጥልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን።"

በማግስቱ ጠዋት መንገሻ ቁርስ ሳይበላ መጣ። በመጀመሪያ ያየው የቀጸላን ልሙጥ ፊት ነው። ከዚያ መሐረቡን ፈታ። መላጫው እርጥብ ነበር፤ በምላጩና በአንገቱ መሀል ያልታጠበ አረፋ፣ አረፋው ላይ ደቃቅ ሽበት።

"ትራሴ ሥር ነበር" አለ መንገሻ። "ተኝቼበት ነው ያደርኩት። ትራሴ ርሷል።"

መላጫውን መልሶ በመሐረቡ ጠቀለለውና ኪሱ ከተተው።

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ። ግን ንገራት። ትረፍ። አንተን ትሰማሃለች።"

"በሕይወት እያለች መቼ ሰምታኝ ታውቃለች?"

ሆኖም ነገራት። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ሲከተት፣ በርሜሉ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "እልፌ፣ ተይኝ። ጺሜ ይብቀል። ያላዘንኩልሽ እየመሰላቸው ነው።" ነፋስ አልነበረም። በርሜሉ ውስጥ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ የነበረ አንድ ነጭ የአረፋ ቁራጭ ብቻ ቀስ ብሎ ከእሱ ራቀና ወዲያኛው ጠርዝ ላይ ተለጠፈ።

በማግስቱ ጉንጩ ሻከረ።

ጺሙ በቀለ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ አንገቱን ያለበሰ። ሰው ያከብረው ጀመር። ያቺ ያማችው ሴት "ወይ ሐዘን፣ እንዴት ጎዳው" ብላ ከንፈሯን መጠጠችለት። ምስክሩን አገኘ ማለት ነው። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ያቆማል፤ ጓሮው ጭጭ ነው፤ እጁን ወደ ጉንጩ ይልካል፣ ሻካራ ነው፤ እጁን መልሶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይከታል። መጀመሪያ የቀበራት ዕድሩ ነበር። ሁለተኛ የቀበራት እሱ ነው፣ በገዛ አፉ።

አርባዋ ደረሰ። ተዝካሩ ተበልቶ፣ ገና ከሰዓት በኋላ ሆኖ፣ ድንኳኑ በወሬ ሲሞላ መንገሻ መላጫውን መለሰለት።

"በቃ ጋሼ፣ ደንቡ ደረሰ። ጸጉር አስተካካዩን ልጥራልህ?"

"ራሴ እላጫለሁ።"

"በዚያ እጅ? ልትታረድ ነው!"

"መጫን አይደለም" አለ ቀጸላ፤ "ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል።"

ጓሮ ገብቶ ተቀመጠ። ሳሙናውን መታ፤ አረፋው ከጉንጩ ይልቅ ሸሚዙን አገኘ። መላጫውን ወደ ፊቱ ሲያነሣ እጁ ተርገፈገፈ፣ ብረቱ ከጣቶቹ ሾለከ፤ መሬት ሲወድቅ ግን አልተሰማም።

ቀጸላ ጨፈነ።

ቀዝቃዛ ጣቶች አገጩን ቀና አደረጉት። ወደ ታች። ወደ ጎን። ከታች ወደ ላይ። አልተጫነችም፣ መቼም ተጭና አታውቅም። አርባ ቀን እምቢ ያለው እንባ ከተጨፈነው ዓይኑ ሾልኮ በአረፋው ውስጥ መንገድ ሠራ፤ ትከሻው ተናጠ፤ ምላጩ ግን አንዲት ነጥብ ደም አላወጣም።

"ጋሼ፣ ጨረስክ?" አለ መንገሻ ከድንኳኑ። "ሰው እየጠበቀ ነው!"

"መጣሁ" አለ በለቅሶ መሀል፣ በደስታ፤ "እየጨረሰች ነው።"

የእጇ ጀርባ ጉንጩን ፈተሸ። አሁን ግለጥ የምትልበት ሰዓት ነበር፤ አላለችም። ሁለት እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አንሥታ ሆዱ ላይ አጋጠመቻቸው፤ እነሱም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ቀጥላም ሬሳ ሲገነዝ እንደሚደረገው አውራ ጣቶቹን በጥጥ ክር አንድ ላይ ማሰር ስትጀምር፣ ቀጸላ እንዳይቸግራት ብሎ አቀራረበላት።