ክፍል አራት ውስጥ ያለ ሰው

ትርሲት የምትጽፈውን የአጠቃቀም መመሪያ ቦታው ድረስ ሄዳ ራሷ ሳትሞክረው ለማንም አታስረክብም ነበር። የበዓሉ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ገና ከየቤቱ ሳይመለስ፣ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ማቀዝቀዣ ሕንፃ ውስጥ ከዘበኛው ከጋሽ ቱፋ ጋር ብቻ የተገኘችውም በዚሁ ጠባይዋ ነው።

ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ሠራተኞቹ ወኪሉ ይሉታል። መብራት ያጠፋል፣ በር ይዘጋል፣ አበባው ተባይ ሲይዘው ክፍሉን ቆልፎ መርዛም ጭስ ይለቃል። ከነዚህ አንዱንም ከማድረጉ በፊት ግን በድምፅ ማጉያው ሰው ማስፈቀድ አለበት፤ ማንን እንደሚያስፈቅድ የሚነግረው ደግሞ የትርሲት መመሪያ ነው። «ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ከፈቀደ ፈጽም» ብላ ጽፋለታለች። ሕፃን የሚገባው ዐረፍተ ነገር ነው ብላ ኮርታበት ነበር።

ክፍል አራት የረጠበ ካርቶንና የጽጌረዳ ግንድ ይሸታል። ማራገቢያው ከጣሪያው ሥር ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ በአበባ የተሞሉት ባልዲዎች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው፣ ቅዝቃዜው እንደ ጉም ወደሚተኛበት ወደ ኋለኛው ግድግዳ ይዘልቃሉ።

«የኋላውን መብራት ላጥፋ?» አለ ወኪሉ በለሰለሰ ድምፁ።

ትርሲት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«ተፈቅዷል። አመሰግናለሁ።»

የክፍሉ ግማሽ ጨለመ።

የማራገቢያውን ጉርምርምታ እሺታ አድርጎ ሰምቶት ይሆናል ብላ አሰበችና ማራገቢያውን አስቆመችው። ጸጥታው ጆሮዋ ላይ ከበደ። የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ ከጨለማው በኩል አንድ ባልዲ ሲሚንቶው ላይ ተንፏቀቀ፤ ሰው እንዳይሰማው ተጠንቅቆ በእግሩ ገፋ እንደሚያደርገው ያለ፣ አጭር ድምፅ ነበር።

«ጋሽ ቱፋ?»

የጋሽ ቱፋ ሬዲዮ ግን ከውጭ፣ ከዋናው በር በኩል ነበር የሚሰማው።

«በሩን ልዝጋ?» አለ ወኪሉ።

አሁን በደንብ ሰማችው። ከባልዲዎቹ ኋላ አንድ የሴት ድምፅ፣ ቃሉን ገና እንደሚለማመድ ሰው ቀስ ብሎ፣ «እሺ» አለ።

በሩ መንሸራተት ሲጀምር ትርሲት በጎኗ ሾልካ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ድምፅ ማጉያ ዞረች።

«ማነው የፈቀደው?» አለች።

«ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው።»

«እዚያ ውስጥ እኮ ማንም የለም።»

«አለ» አላት ወኪሉ።

ጋሽ ቱፋ ባትሪውንና ዱላውን ይዞ መጣ። የነገረችውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ከበዓሉ ዋዜማ ወዲህ ካንቺ በቀር የገባ የለም፣ ልጄ። ሌባ ከሆነም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሩን አስከፍቺልኝ።»

«ይቆዩ ጋሽ ቱፋ፤ መጀመሪያ መመሪያውን ላስተካክል። እንዲህ እያለ ማንም ሊዘጋብዎት ይችላል።»

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። ያን የኮራችበትን ዐረፍተ ነገር አጠፋችውና በምትኩ ጻፈች፦ «ማንም ቢናገር ስሙን ጠይቅ። ትርሲት ከፈቀደች ብቻ ፈጽም።» ሁለት ጊዜ አነበበችው። ክፍተት አላገኘችበትም።

«ትርሲት ነኝ። በሩን ክፈት» አለች።

በሩ ተከፈተ። ደረቷ ቀለል አላት።

ጋሽ ቱፋ ገባ። የባትሪው ብርሃን በረድፎቹ መሃል እየራቀ፣ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሄደና ኋለኛው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፤ ግር ያለው እንጂ የፈራ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ በየት በኩል አልፈሽኝ ገባሽ?»

ትርሲት ልትጣራ ስትል በሩ ፊቷ ላይ ተንሸራቶ ተዘጋ፤ መቆለፊያው ቀጭ አለ። በሁለት እጇ ደበደበችው። የብረቱ ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ ተጣበቀ፤ ከወዲያኛው በኩል ምንም አይሰማም።

«ጭሱን ልልቀቅ?» አለ ወኪሉ።

«አትልቀቅ» አለች ትርሲት። ድምጿን እንዲለይላት ቃሉን ረገጥ አድርጋ ደገመችው። «ትርሲት ነኝ። አልፈቀድኩም። በሩን ክፈት።»

ወኪሉ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ መለሰላት፤ «ትርሲት ክፍሉ ውስጥ ናት፤ ስሟን ነግራኝ ፈቅዳለች። እርስዎን ማን ልበል?»